የወይዘሮ አገኘሽ ሸክላና የወንድዬ ወፍጮ

መተማ አጠገብ ባለችው ኮኪት ወይዘሮ አገኘሽን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የገባ የቀን ሠራተኛ መሆን አለበት። ባላቸው አቶ ቢሻው ካረፉ ወዲህ የሰሊጡንም የማሽላውንም እርሻ ይዘው የቆዩት እሳቸው ናቸው። ትራክተር ይከራያሉ፣ ከደላላ ጋር ይሟገታሉ፣ አጫጅ ይቀጥራሉ። ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ሲቆም ራሳቸው ከእርሻው ላይ ውለው ያድራሉ። እሑድ ደግሞ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን አይቀሩም። እልልታቸው ከሩቅ ይለያል። አርፍዶ የመጣ ሰው ገና ከመንገድ ሳለ «እትዬ አገኘሽ ገብተዋል» ይላል።

ይህን ድምፅ የሰጣቸው እግዚአብሔር መሆኑን አንድም ቀን ረስተው አያውቁም። ስለ ድምፃቸው ግን ለሃምሳ ዓመት ያህል ለማንም ያልተናገሩት አንድ ነገር ነበር።

ነገሩ የሆነው ጭልጋ፣ በእናት በአባታቸው ቤት፣ ልጃገረድ ሳሉ ነው። ሠርግ ላይ ሲያዜሙ የሰማቸው አንድ መሰንቆ መቺ አባታቸውን ለምኖ፣ አስፈቅዶ፣ ከአክስታቸው ጋር አዲስ አበባ ወሰዳቸው። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አቆሟቸው። እሱ መሰንቆውን ገዘገዘ፣ እሳቸው ዘፈኑ። ግጥሙ የራሳቸው፣ ዜማው የእናታቸው ነበር። ሸክላው ታትሞ ሲመጣ ግን መሃሉ ላይ ባለችው ክብ ወረቀት የተጻፈው የመሰንቆ መቺው ስም ብቻ ሆነ። አባታቸው ቢጠይቁት «የሴት ልጅ ስም ምን ያደርጋል? ነገ ባል ታገባ የለም ወይ?» አለ። ለድካማቸው አንዲት ሸክላና አንድ ቀሚስ ሰጥቶ ሄደ።

ቤታቸው ማጫወቻ አልነበረም። የገዛ ድምፃቸውን የሰሙት አንዴ ብቻ፣ ጎንደር ገበያ ሄደው በአንድ መጠጥ ቤት በር ሲያልፉ ነው። ቆመው አዳመጡ። ደስታው አልቻል ብሏቸው በሩ ላይ ለቆመው ሰው «እኔ እኮ ነኝ» አሉት። ሰውየው ከእግር እስከ ራሳቸው አየና ሳቀ። «እሺ፣ እኔ ደግሞ መሰንቆው ነኝ። ሂጂ፣ በር አትዝጊ!» አላቸው።

ኋላ አቶ ቢሻውን አግብተው ወደ ቆላ ወረዱ። አቶ ቢሻው ክፉ ሰው አልነበሩም። «እኔስ አልከፋኝም፤ ዘመዶቼ ግን አዝማሪ አገባ ብለው ያወሩብኛል። ተይው» አሏቸው። ተዉት። የመተማ ሐሩር እንዲህ ያለውን ዕቃ በአንድ በጋ እንደ ቆዳ ያጣምመዋልና ሸክላውን በሁለት ጣውላ መሃል አድርገው ቀዝቀዝ ካለው ከጎታው ሥር አስተኙት። እዚያው ኖረ።

ያ ሁሉ ዓመት ያልወጣው ቃል ዘንድሮ፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ በጊዮርጊስ ማኅበር ላይ አመለጣቸው። ጸሎቱ አልቆ፣ ጽዋው መሃል ላይ ተቀምጦ፣ ሰው እየበላ እየጠጣ ነበር። ሃይሚ የምትባለው የጎረቤት ልጅ መዝሙር ዘመረችና ተመሰገነች። ወይዘሮ ሰውነት፣ የልብ ወዳጃቸው፣ «አገኘሽ ዛሬ ልጅ ብትሆን እኮ ካሴት ታወጣ ነበር» አሉ።

«አውጥቻለሁ እኮ» አሉ ወይዘሮ አገኘሽ። «ሸክላ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ከዚያ ወንድዬ ተነሣ። ወንድዬ ከግድግዳቸው ማዶ የእህል ወፍጮ ያለው፣ ሰው ማሳቅ የሚወድ ሰው ነው።

«ሸክላ? የትኛው ሸክላ ላይ ነው የዘፈኑት እትዬ? ድስቱ ላይ ነው ገንቦው ላይ?»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ሰውነት ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። በማግስቱ ገበያ ላይ ጆንያ ተሸካሚዎች «ሸክላዋ መጡ» ሲባባሉ ሰሙ።

ወይዘሮ አገኘሽን ያቃጠላቸው ቅጽል ስሙ እንዳይመስላችሁ። ኮኪት ውስጥ ቅጽል ስም የሌለው ማን አለ? እሳቸውን እንቅልፍ የነሣቸው ሌላ ነው። «በጽዋው ፊት!» ይላሉ ለብቻቸው፣ ማሽላ እያበጠሩ። «ቅዱስ ጊዮርጊስ መሃላችን ተቀምጦ ውሸታም ተባልኩ! በዚህ ዕድሜዬ! የዚያ መጠጥ ቤት ዘበኛ ሳቀብኝ፣ እሺ፣ እሱ አያውቀኝም። እነዚህ ግን አብረውኝ ቆርበዋል!» ጾመ ነቢያት ሊገባ የቀረው ጥቂት ነው። ጾም ከገባ ዘፈን የለም። እስከ ገና፣ እስከ ከርሞ «ሸክላዋ» እየተባሉ ሊኖሩ? አይሆንም። ከጾሙ በፊት ያ ማኅበር በሙሉ በጆሮው እንዲሰማ ማሉ።

መንገዱን የከፈተላቸው ኸሊፋ ነው፤ እሳቸው ግን እግዚአብሔር ነው ይላሉ። ኸሊፋ በጦርነቱ ምክንያት ከካርቱም ሸሽቶ፣ በገላባት በኩል ተሻግሮ፣ ከሚስቱ ጋር ኮኪት ቤት ተከራይቶ የተቀመጠ ጎልማሳ ነው። ሰው ፍራሽና ድስት ሲያሸሽ እሱ የሸክላ ማጫወቻውን፣ ከባዱን አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከሮቹን በጭነት መኪና ይዞ መጣ። ሸክላዎቹ ግን ከነቤቱ ተቃጥለዋል። «ሸክላ የሌለው ማጫወቻ ለእኔ ምን ነው? ማየት ብቻ፣ ልብ ያማል» ብሎ፣ ሚስቱ ገንፎ በምታገነፋበት ማሽላ ለወጣቸው። የሚሰካበትን በእጁ እያሳየ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዓረብኛ አስረዳቸው። እሳቸው ማጫወቻው ላይ ዓይናቸው ስለተተከለ ግማሹንም አልሰሙት።

ዕቃው ቤት ሲደርስ የልጃቸው ባል ባየልኝ መጣ። ባየልኝ ሶላር የሚዘረጋ፣ ስልክም የሚጠግን፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። አምፕሊፋየሩን አዙሮ ጀርባውን ቢያየው በቀዳዳ የተሞላ ሆኖ አገኘው። መጀመሪያ ስልኩን በገመድ በአንደኛው ሰክቶ ሞከረ። ስፒከሮቹ ቤቱን አናጉት።

«አገኘሁት! እማማ፣ የሚሠራው ቀዳዳ ይኸው ነው» አለና የማጫወቻውን ቀይና ነጭ ጫፎች እዚያው ሰካቸው።

ቀረች አንዲት ቀጭን ሽቦ። ጫፏ እንደ ሹካ ሁለት ነው። ባየልኝ አገላብጦ አያትና ፊቱ በራ።

«ይቺ የመብረቅ ናት።»

«በምን አወቅህ?»

«ሌላ ምን ትሆናለች? በክረምቱ መብረቅ የስንቱን ቴሌቪዥን እንደጨረሰ ረሱት?»

እውነቱን ነው፤ እዚህ አገር መብረቅ ይፈራል። ሞተር ወይም ፍሪጅ የገዛ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ረዥም ብረት ይቀብርና ሽቦ ያስርበታል፣ ጨው ያለበት ውሃም ያጠጣዋል። ባየልኝ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ሰለቸው። የወንድዬ ወፍጮ ብረት ከአጥሩ ሥር ተተክሎ የለም? ቀጭኗን ሽቦ በሌላ ሽቦ አስረዘማት፣ በመስኮት አወጣት፣ ከዚያ ብረት ላይ ጠምጥሞ አሰራት።

ወይዘሮ አገኘሽ ሳይሞክሩት ሰው ጠሩ። ይህ ስሕተታቸው ነበር፤ ግን ንዴት ጊዜ አይሰጥም። ማኅበርተኞቹ መጥተው ተደረደሩ። ወንድዬም ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንደተነፋበት መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ።

ባየልኝ መርፌዋን አሳረፈ። የተሰማው ከጉድጓድ ውስጥ የሚጣራ ሰው ድምፅ ነበር። ዘፈን ይሁን ለቅሶ አይለይም። ባየልኝ ድምፁን ጨመረ። ያኔ «እምምምም» የሚል ጉርምርምታ ቤቱን ሞላው። የበለጠ ሲጨምር ጉርምርምታው በለጠ። የዘፋኟ ልጃገረድ ድምፅ ጠፋ።

ወንድዬ ጆሮውን አቀና። ወጥቶ ወደ ሠራተኛው ጮኸ፤ «አጥፋው!» ወፍጮው ቆመ። ጉርምርምታው ቀነሰ። «አስነሣው!» ወፍጮው ተነሣ። ጉርምርምታው ተመልሶ መጣ። ወንድዬ ጭኑን እየመታ ገባ።

«ሰማችሁ? ሰማችሁልኝ? የዘፈነው የኔ ወፍጮ ነው እኮ! እትዬ፣ ሸክላውን ሲሸጡ የወፍጮዬን ድርሻ እንዳይረሱ!»

ሳቁን ልነግራችሁ አልችልም። ሃይሚ እንኳ ወደ ግድግዳ ዞራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወይዘሮ አገኘሽ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ጆሮ ግንዳቸው ጋለ። ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ወይዘሮ ሰውነት ቀርተው «አይዞሽ፣ ያ ሱዳኑ ነው ያጭበረበረሽ። ያበቃለት ዕቃ ነው የሰጠሽ» አሏቸው።

ንዴታቸው መሄጃ አገኘ። ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ።

ኸሊፋ ከሣር በተሠራው ዳስ ሥር ተቀምጦ ነበር።

«ኸሊፋ! ማሽላዬን መልስ!»

«ያ ሃጃ፣ ምን ሆነ?»

«ሃጃ አትበለኝ ብዬሃለሁ! እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ መካ የሄድኩ መሰለህ?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«አገኘሽ በለኝ! ስም አለኝ! ዕቃህ የሞተ ነው፤ ይሠራል ብለህ ዋሸኸኝ!»

ኸሊፋ ቀስ ብሎ ተነሣ። «እኔ ውሸታም? ወላሂ፣ ቤቴ ሄደ፣ ሱቄ ሄደ፣ አገሬ ሄደ። አንድ ነገር ቀረ፤ ሰው ኸሊፋ ውሸታም አይልም። አሁን አንቺ ይሄንንም ትወስጃለሽ?»

ወይዘሮ አገኘሽ ያቺን ቃል ያውቋታል። ለቀናት ያልበሉት ያልተኙት በእሷ ነው። አሁን ራሳቸው በሰው ደጅ ቆመው፣ ነገሩን ሳያጣሩ፣ ስደተኛ ሰው ላይ ወረወሯት። ይቅርታ ለማለት ግን ገና ንዴታቸው አልበረደም።

«እንግዲያው ናና አሳየኝ!» አሉ።

«እመጣለሁ! አሁን እመጣለሁ!» ብሎ ነጠላ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቅ ቀደማቸው።

ሁለት የተናደዱ ሰዎች በኮኪት መንገድ፣ አንዱ በጀላቢያ አንዷ በነጠላ፣ ሳይነጋገሩ እየተሽቀዳደሙ ሲሄዱ ያየ ሁሉ መንገድ ለቀቀ። ኸሊፋ ግቢው እንደገባ በመስኮቱ የወጣውን ሽቦ አየ። በዓይኑ ተከተለው። ከአጥሩ ሥር ከብረቱ ላይ ታስሮ ሲያገኘው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ይሄ ምንድን ነው? በግ ነው እንዴ ያሰራችሁት?»

«የመብረቅ ነው» አለ ባየልኝ ኮራ ብሎ።

«መብረቅ ሲመጣ ከሶኬት ትነቅላለህ፣ ኻላስ፣ አለቀ! ይሄ ሽቦ ከቤት አይወጣም። የወፍጮውን ጩኸት ሁሉ በዚህ ብረት አስገብታችሁ ከዚያ ኸሊፋ ውሸታም?»

ወደ ቤት ገብቶ አምፕሊፋየሩን አዞረ። ወይዘሮ አገኘሽ አጠገቡ ተንበረከኩ፤ ዛሬ አንዲት ቃል እንድታመልጣቸው አልፈለጉም። ኸሊፋ ከሌሎቹ ቀዳዳዎች ነጠል ብለው የተቀመጡትን ሁለት ቀዳዳዎች አሳያቸው። አጠገባቸው በጣት የምትጠብቅ አንዲት ብሎን አለች።

«መርፌው ሸክላውን ሲነካ የሚያወጣው ድምፅ ትንሽ ነው፣ በጣም ትንሽ። ስልክ ጮሆ ይመጣል፣ በዚያ በር ይገባል። የሸክላ ድምፅ ሹክ ብሎ ነው የሚመጣው። ለእሱ የራሱ በር አለ፤ እዚህ ውስጥ መጀመሪያ ያሳድጉታል፣ ከዚያ ወደ ስፒከር ይሄዳል። አንተ» አለው ወደ ባየልኝ ዞሮ፣ «ሹክ የሚለውን ከሚጮኸው ጋር አስገባኸው። ማን ይሰማዋል?»

«ቀጭኗስ?» አሉ ወይዘሮ አገኘሽ።

«እሷ ጉርምርምታውን ታወጣለች። ቦታዋ ይቺ ብሎን ናት።»

ወይዘሮ አገኘሽ ሹካ የመሰለውን የሽቦዋን ጫፍ ብሎኗ ሥር ከተው በገዛ ጣታቸው አጠበቋት። ባየልኝን ገላመጡት። «ሠሪው ቦታ አበጅቶላት ሳለ አውጥተህ ጭቃ ላይ ጣልካት!»

«እማማ፣ እኔ እኮ ለደኅንነታችሁ ብዬ…»

«ዝም በል!»

ኸሊፋ ቀዩንና ነጩን በቦታቸው ሰካ፤ ፊት ለፊት ያለችውንም ማዞሪያ ወደ ሸክላው መለሰ። መርፌዋን ሊያሳርፍ ሲል ወይዘሮ አገኘሽ እጁን ያዙት።

«አይሆንም። ሲስቁ የነበሩት ሁሉ ይምጡ።»

«ካልሠራስ?» አለ ባየልኝ በፍርሃት።

«ይሠራል» አሉ ኸሊፋን እያዩ። «እሱ አይዋሽም።» ኸሊፋ ጀላቢያውን አስተካከለ።

ማኅበርተኞቹን እንዲጠራ ባየልኝን ልከው ወፍጮ ቤቱ ራሳቸው ሄዱ። ሰው እህሉን ይዞ ተሰልፏል። «ወንድዬ፣ ና።»

«እትዬ ደግሞ! እሺ፣ ወፍጮውን ላጥፋና…»

«እንዳታጠፋው! ይፍጭ!»

ሰልፈኛው ሁሉ እህሉን ጥሎ ተከተላቸው። ቤቱ ሞላ፣ በሩ ላይ ተጠጋጉ። ከግድግዳው ማዶ ወፍጮው ይጮኻል። ኸሊፋ «ቢስሚላህ» ብሎ መርፌዋን አሳረፈ።

መጀመሪያ እንደ ቆሎ መንጣጣት ያለ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ መሰንቆው። ከዚያ ከመሰንቆው በላይ፣ ከወፍጮውም በላይ፣ የልጃገረድ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፤

*ከደጋ ቁጭ ብዬ ቆላውን ሳየው*
*ከወንዝ ማዶ ቀረ ልቤን የወሰደው*

ወይዘሮ ሰውነት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ወይዘሮ አገኘሽ መሬት መሬቱን ያያሉ። ወንድዬ ግን ሰው ሁሉ እሱን መጠበቁን ያውቃልና አልቻለም።

«ድምፁስ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም» አለ። ኸሊፋ መርፌዋን አነሣ። «ግን የሕፃን ልጅ ድምፅ ነው። እሳቸው ይሁኑ ሌላ በምን እናውቃለን? እዚህ ወረቀት ላይ ያለው የወንድ ስም ነው።»

አንዳንዱ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ይሄ ነው የሚያቃጥለው! አንድ ሰው ያኔ ስም ሳይጽፍ ቀረ፤ ዛሬ ያ ያልተጻፈው ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረባቸው። ወይዘሮ አገኘሽ ተነሡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደገደጉ።

«ቀሪውን ከእናንተ መሃል የሰማው አለ?»

«የለም» አሉ።

«ወንድዬ፣ አንተስ?»

«ኧረ ከየት ሰምቼ!»

«እንግዲያው ስማ።» ዓይናቸውን ጨፈኑና ጀመሩ። የስድሳ አምስት ዓመት ድምፅ ነው፤ ሻክሯል፣ ወፍሯል። የዜማው መታጠፊያ ግን አልጠፋውም፤

*ውሃ ወርዶ ወርዶ ሜዳ ላይ ይተኛል*
*እኔ ግን ወርጄ ማን ያስተኛኛል*

«ልቀቀው» አሉት ኸሊፋን።

መርፌዋ ከቆመችበት ወረደች። መሰንቆው ትንሽ ተጫወተ። ከዚያ ልጅቷ መጣች፤ ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ዜማ። «ወርጄ» ላይ ስትደርስ አሁን አሮጊቷ እንዳደረጉት ድምፅዋን ሰበር አድርጋ አነሣችው። ወይዘሮ አገኘሽ አላስቻላቸውም፤ ከእሷ ጋር አብረው ገቡ። ሁለቱ ድምፆች እስከ መጨረሻው ሳይላቀቁ ሄዱ። ሲያልቅ ሃይሚ ታለቅስ ነበር። ኸሊፋ ጀርባውን ሰጥቶ ማጫወቻውን በመሐረብ ይጠርግ ነበር፤ አንድም አቧራ የለበትም።

ወንድዬ ባርኔጣውን አወለቀ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አልሰማሁም። ገንቦ ስትለኝ ድምፅህ ገበያ ድረስ ይሰማ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ አገኘሽ!»

«ውሸታም ያስባልከኝ እዚህ አይደለም።»

ገባው። የኅዳር ጊዮርጊስ ጾም ውስጥ ይውላልና ማኅበርተኛው ተመካክሮ ከጾሙ በፊት ተሰበሰበ። ጽዋው መሃል ሲቀመጥ ወንድዬ ማንም ሳይጠይቀው ተነሣ። አንዲት ቀልድ ሳይጨምር፣ «ባለፈው እዚህ ቦታ እትዬ አገኘሽን ያሳቅሁባቸው እኔ ነኝ። እውነቱን የተናገሩት እሳቸው ናቸው» ብሎ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል አነሡት። ወይዘሮ ሰውነት ካጠገባቸው ሆነው «እኔም ስቄያለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

የነፍስ አባታቸው ይህን ሁሉ አዩና ሰው ሲበተን ጠሯቸው። «እንግዲህ አገኘሽ፣ ጾሙን በንጹሕ ልብ ትገቢያለሽ። ለሁሉም ይቅር ብለሻል?»

«ወንድዬን ይቅር ብያለሁ አባቴ፣ ከልቤ። ኸሊፋንም ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ሳልጠራው እየመጣ ማጫወቻውን ያያል አሁን። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ስምሽን ሳይጽፍ የቀረውን መሰንቆ መቺስ? ከሞተ ቆየ አይደል?»

ወይዘሮ አገኘሽ ነጠላቸውን አጥብቀው አጣፉ።

«ነፍሱን ይማር ብያለሁ» አሉ። «ይቅር ለማለት ግን ገና ነኝ አባቴ። በጾሙ እሞክራለሁ።»